የመጨረሻው ዙር ቃለ መጠይቅ ሌላ ፈተና ነው

ከዓመታት በፊት ለአንድ የአቅርቦት ኃላፊ የሥራ መደብ ተወዳድሬ ሁለት ዙር አለፍኩ። ለሦስተኛው ስጠራ እንቅልፍ እስኪነሳኝ ድረስ ተደሰትኩ። ዝግጅቴ ግን አዲስ ነገር አልነበረውም። በመጀመሪያው ዙር ያዋጣኝን መልስ ሁሉ አሳምሬ፣ በቃሌ ይዤ ሄድኩ። ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ስለ አንድ የዘገየ ጭነት መናገር ስጀምር መሃል ላይ የተቀመጡት ሴትዮ ፊታቸው ያለውን ወረቀት አየት አደረጉና "ይህንን ለባልደረባዬ ነግረውታል። ሌላ ምሳሌ ይኖርዎታል?" አሉኝ። አልነበረኝም። የቀረው ግማሽ ሰዓት አላልቅ አለኝ። ሥራውንም ሌላ ሰው ወሰደው።

በኋላ እኔም ከጠረጴዛው ማዶ ተቀመጥኩ። ላለፉት 6 ዓመታት በቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ሰው ሳወዳድር ቆይቻለሁ። ያኔ ያልገባኝ ነገር አሁን ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። በመጀመሪያው ዙር የምንጠይቀው "ይህ ሰው ሥራውን ይችለዋል ወይ?" ብለን ነው። በመጨረሻው ዙር የቀሩት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ሥራውን እንደሚችሉት አምነናል። ባናምን ኖሮ አንጠራቸውም ነበር። ያን ጊዜ አመልካቹ ወጥቶ በሩ ሲዘጋ እርስ በርስ የምንጠያየቀው "ብንቀጥረው ምን ያሰጋናል?" እያልን ነው።

ስለዚህ የኋለኞቹ ዙሮች ዝግጅት ማለት ያንን ስጋት ቀድሞ መገመትና መልሱን ይዞ መሄድ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ እዚያ ላይ የሚያተኩር ነው።

ማታውኑ ጻፉ

ዝግጅቱ የሚጀምረው ጥሪው ሲመጣ አይደለም። ያለፈው ዙር ባለቀበት ቀን ማታ ነው። ከቃለ መጠይቁ እንደወጣችሁ የተጠየቃችሁትን ጥያቄ ሁሉ፣ የሰጣችሁትን ምሳሌና የጠቀሳችሁትን ቁጥር ጻፉ። ማን እንደጠየቀም ጨምሩ። ነገ እጽፈዋለሁ ካላችሁ ግማሹ ይጠፋል።

ይህ ማስታወሻ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛው፣ የነገራችሁትን ታሪክ ደግማችሁ እንዳትነግሩ ይጠብቃችኋል። ሁለተኛው ግን ይበልጣል። ጠያቂዎቹ ሁለቴ የተመለሱበት ነገር ካለ ስጋታቸው ያለው እዚያ ነው። "ከዚህ በፊት ስንት ሰው አስተዳድረዋል?" ብለው ጠይቀው፣ ትንሽ ቆይተው ደግሞ "ቡድንዎ ውስጥ ግጭት ሲነሳ ምን አደረጉ?" ካሉ፣ ሰው የማስተዳደር ልምዳችሁ አሳስቧቸዋል ማለት ነው። ለቀጣዩ ዙር የመጀመሪያው የቤት ሥራችሁ ይኸው ነው። የቃለ መጠይቁን ስሜትም ጻፉ። የቱ ጋ ፊታቸው ፈካ? የቱ ጋ ጸጥ አሉ? የቱን መልስ ስትሰጡ እስክሪብቶ አነሱ?

ቁጥሮችንም አደራ። በመጀመሪያው ዙር "7 ሰዎች ነበሩ በሥሬ" ብሎ በሦስተኛው "12" ያለ አመልካች አጋጥሞኛል። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ምናልባት ስለተለያየ ጊዜ ነበር ያወራው። እኛ ግን ጎን ለጎን የተጻፉ ሁለት ቁጥሮች ነበር ያየነው። ውይይቱ ስለ ችሎታው መሆኑ ቀርቶ ስለ ታማኝነቱ ሆነ።

ደውላችሁ ጠይቁ

ብዙ ሰው የሰው ሀብት ክፍሉን መጠየቅ ይፈራል። ድክመት ይመስለዋል። በኮሚቴ ውስጥ ሆኜ ያየሁት ግን ተቃራኒውን ነው። የጠየቀ ሰው ለነገሩ ክብደት የሰጠ ሰው ሆኖ ነው የሚታየው። ጥሪው ሲደርሳችሁ አመስግኑና እነዚህን አራት ነገሮች ጠይቁ፦ እነማን ናቸው የሚያነጋግሩኝ፣ የሥራ ኃላፊነታቸውስ ምንድን ነው? እያንዳንዱ ስንት ደቂቃ ይወስዳል? የሚሠራ ፈተና ወይም ገለጻ አለው? እስካሁን ከነገርኳችሁ ውስጥ በይበልጥ እንዳብራራ የምትፈልጉት ነገር አለ?

አራተኛውን ጥያቄ አትዝለሉት። ሁልጊዜ መልስ አይገኝበትም። ሲገኝበት ግን ወርቅ ነው። አንድ ጊዜ አንዲት አመልካች ይህንኑ ስትጠይቅ፣ የሰው ሀብት ባለሙያችን "በጀት ላይ ያለሽን ልምድ ሊያዩ ይፈልጋሉ" አለቻት። ልጅቷ በመጨረሻው ቀን የመጣችው የበጀት ምሳሌዎቿን በደንብ ለቃቅማ ነው። ምስጢር አልወጣም፤ ማንኛውም አመልካች ቢጠይቅ ይነገረው ነበር። የጠየቀችው ግን እሷ ብቻ ነበረች።

ማን ምን ይፈራል?

የሰዎቹን ስምና ኃላፊነት ካወቃችሁ በኋላ አንድ ገጽ ወረቀት ውሰዱና ለእያንዳንዳቸው አንድ መስመር ጻፉ፦ "እኔን ቢቀጥሩኝ ይህ ሰው ምን ያሰጋዋል?"

የቅርብ አለቃችሁ የሚሆነው ሰው ስጋት የዕለት ተዕለት ነው። "በየሰዓቱ እየተከታተልኩ ላሠራው ይሆን? ችግር ሲፈጠር ቶሎ ይነግረኛል ወይስ ይደብቀኛል? በስድስት ወሩ ጥሎኝ ይሄዳል?" ለእሱ የምታዘጋጁት ምሳሌ ራሳችሁን ችላችሁ የጨረሳችሁት ሥራ፣ መጥፎ ዜና በጊዜው የነገራችሁበት አጋጣሚ መሆን አለበት።

የሥራ ባልደረቦቻችሁ የሚሆኑት ሰዎች የሚፈሩት ሌላ ነው። ሸክም ይጥልብናል ወይ? የሠራነውን የራሱ አድርጎ ያቀርባል ወይ? ከእነሱ ጋር ስታወሩ ሌሎች ሰዎች ያደረጉትን አስተዋጽኦ በስም ሳይሆን በሥራ ድርሻ ጥቀሱ። "ሐሳቡ የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ነበር፤ እኔ ወደ ተግባር የቀየርኩት" ማለት ብዙ ይናገራል። እነሱ ሲያወሩም አዳምጡ። የባልደረቦችን ዙር እንደ ሻይ ሰዓት ጨዋታ ቆጥሮ የሚዘናጋ አመልካች ብዙ አይቻለሁ። እነሱም ድምፅ አላቸው።

ከፍተኛ ኃላፊው ወይም ዋና ሥራ አስኪያጁ ብዙውን ጊዜ ዝርዝር አይጠይቅም። ጊዜውም አጭር ነው። የእሱ ጥያቄ "ይህ ሰው ድርጅቱ በምን እንደሚኖር ገብቶታል? ከሁለት ዓመት በኋላስ የት ይደርስልኛል?" የሚል ነው። ድርጅቱ ገቢውን ከየት እንደሚያገኝ፣ ደንበኞቹ እነማን እንደሆኑ፣ የምትወዳደሩበት መደብ ከዚያ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ በሦስት ዓረፍተ ነገር መናገር መቻል አለባችሁ። ዓመታዊ ሪፖርት ካላቸው አንብቡት። የኃላፊውን መልእክት ብቻ አይደለም፤ ስለ ችግሮችና ስጋቶች የሚያወራውን ክፍል አንብቡ።

አንዳንድ ድርጅቶች ከቡድኑ ውጪ የሆነ ሰውም ያስቀምጣሉ። አማዞን "ባር ሬይዘር" የሚላቸው አሉት። ክፍት ቦታው ካለበት ቡድን ውጪ የመጡ፣ ለቅጥር መመዘኛ የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ቡድኑ ሰው በአስቸኳይ ስለሚያስፈልገው ብቻ መመዘኛው እንዳይወርድ ይጠብቃሉ። እንዲህ ያለ ሰው ሥራችሁን በዝርዝር ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ የሙያ ቋንቋ ሳታበዙ፣ ሁኔታውን ከሥሩ አስረድታችሁ ንገሩት።

ታሪኮቻችሁን ቆፍሩ

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንምጣ። ለዚህ ክፍል የምትሰጡት ጊዜ የሌላው ሁሉ ድምር ቢሆን አይቆጨኝም።

ቢያንስ ስምንት ታሪክ ከሥራ ሕይወታችሁ ምረጡ። በመጀመሪያው ዙር ከተናገራችሁት ውጪ አምስት አዲስ ይኑራችሁ። ግጭት፣ ውድቀት፣ ጥብቅ ቀነ ገደብ፣ ከአለቃ ጋር አለመስማማት፣ ያለ ሥልጣን ሰው ማሳመን፣ በራስ ተነሳሽነት የተጀመረ ነገር፣ ከባድ ውሳኔ፣ የምትኮሩበት ውጤት። ብዙ ጥያቄ የሚዞረው እነዚህ ላይ ነው። አንዱ ታሪክ ለሁለት ሦስት ጥያቄ ሊያገለግል ይችላል።

እያንዳንዱን ሁኔታው ምን ነበር፣ የእኔ ድርሻ ምን ነበር፣ ምን አደረግኩ፣ ምን ተገኘ ብላችሁ አዋቅሩት። ይህ "ስታር" የሚባለው የታወቀ አካሄድ ነው። ችግሩ ብዙ ሰው ሁኔታውን በመተረክ ሁለት ደቂቃ ያባክንና "ምን አደረግኩ" ላይ ሲደርስ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል። ተገላቢጦሹ ነው የሚያስፈልገው። ሁኔታው ሁለት ዓረፍተ ነገር ይብቃው። ያደረጋችሁት ነገር ግን በቅደም ተከተል፣ በምክንያት ይነገር።

"እኛ" የምትለዋ ቃልም አስቸጋሪ ናት። "እኔ" ማለት ጉራ ይመስለንና ሁሉንም ነገር "አደረግን፣ ሠራን፣ ፈታን" እንላለን። ጠያቂው ደግሞ የሚቀጥረው እናንተን እንጂ ቡድኑን አይደለም። "ቡድኑ ቆጠራውን አካሄደ፤ የቆጠራውን ቅጽ ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ" ማለት ጉራ አይደለም። ትክክለኛ መረጃ ነው።

የኋለኛው ዙር ልዩነት የሚመጣው ግን ከመልሱ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ዙር ጠያቂው መልሳችሁን ሰምቶ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ያልፋል። በመጨረሻው ዙር አያልፍም፤ እዚያው ይቆፍራል። የራሴን ምሳሌ ልስጣችሁ። አንድ መጋዘን ውስጥ ስሠራ በመዝገብ ያለውና በመደርደሪያ ላይ ያለው ዕቃ አይገናኝም ነበር። ልዩነቱ 9 በመቶ ደርሶ ነበር። በ5 ወር ውስጥ ወደ 2 በመቶ ወረደ። ይህንን ሳወራ የመጣብኝ የጥያቄ ውርጅብኝ እንዲህ ነበር፦

"9 በመቶ መሆኑን እንዴት አወቁ? ማን ነው የለካው?"

"ከወራቱ ውስጥ የትኛው ወር ላይ ነው ልዩነቱ መውረድ የጀመረው? ለምን ያኔ?"

"የተቃወመ ሰው ነበር? ምን ነበር ምክንያቱ?"

"2 በመቶ ላይ ለምን ቆመ? ለምን ዜሮ አልሆነም?"

"እንደገና ቢጀምሩት ምን ይለውጣሉ?"

ይህን ያህል ከመጣባችሁ አትደንግጡ። አላመኑኝም ማለት አይደለም። ጥልቀቱን እየለኩ ነው። በእውነት የሠራ ሰው እያንዳንዱን ጥያቄ ሲመልስ ይበልጥ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ከሩቅ ያየ ሰው ግን ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ወደ ጥቅል ንግግር ይመለሳል። ስለዚህ ለስምንቱም ታሪኮቻችሁ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱን የረሳችሁት ካለ የድሮ ማስታወሻችሁን ፈልጉ፤ አብሯችሁ የሠራ ሰው ላይ ደውሉ። የማታስታውሱትን ቁጥር አትፍጠሩ። "በትክክል አላስታውስም፤ ከ10 በታች እንደነበር ግን እርግጠኛ ነኝ" የሚል መልስ ከተፈጠረ ቁጥር እጅግ ይሻላል።

ታናሽ እህቴ ለመጨረሻ ዙር ስትዘጋጅ እኔ ጠያቂ ሆኜ ሁለት ምሽት አብረን ተለማመድን። የመጀመሪያው ምሽት ሦስተኛ "ለምን?" ስላት ተናደደች። "ወንድሜ፣ እንዲህ የሚጠይቅ ሰው አለ እንዴ?" አለችኝ። ከቃለ መጠይቁ ወጥታ ስትደውልልኝ የመጀመሪያ ቃሏ "አለ!" የሚል ነበር። ስትለማመዱ ድምፃችሁን አውጥታችሁ ይሁን። በልብ የተባለ መልስ ሁልጊዜ ያማረ ነው። አፍ ላይ ሲመጣ ነው የሚበላሸው። በስልካችሁ ቅዱትና አዳምጡት። ከሁለት ደቂቃ ተኩል ያለፈውን ቀንሱ። ቃል በቃል ግን አትሸምድዱት። የተሸመደደ መልስ ያስታውቃል፤ መሃል ላይ ከተቋረጠ ደግሞ ይጠፋል።

ስለ ውድቀት ስትጠየቁ እውነተኛ ውድቀት ንገሩ። "ከመጠን በላይ መሥራቴ ነው ድክመቴ" የሚለውን መልስ ኮሚቴው በየሳምንቱ ይሰማዋል። ምን አጠፋችሁ፣ ማንን ጎዳ፣ መቼ ተናገራችሁ፣ ከዚያ ወዲህ አሠራራችሁ ውስጥ ምን ተለወጠ? የመጨረሻዋን ካልመለሳችሁ የቀረው ኑዛዜ ብቻ ይሆናል።

ሁሉንም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቀው ነጥብ ሲሞሉ ብታዩ ደግሞ አይክፋችሁ። ቀዝቃዛ ስለሆኑ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 ፍራንክ ሽሚት እና ጆን ሀንተር የተባሉ ተመራማሪዎች የ85 ዓመት ጥናቶችን ሰብስበው ባወጡት ትንተና፣ በተዘጋጀ ጥያቄና መመዘኛ የሚካሄድ ቃለ መጠይቅ እንደመጣ ከሚካሄደው ይልቅ የወደፊት የሥራ ውጤትን በተሻለ ሁኔታ እንደሚተነብይ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2022 ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ ስሌቱን እንደገና ሲሠሩት ብዙዎቹ ቁጥሮች ዝቅ አሉ። ያም ሆኖ የተዋቀረው ቃለ መጠይቅ ከመመዘኛዎቹ ሁሉ ቀዳሚ ሆኖ ተገኘ። ለእናንተ ይህ መልካም ዜና ነው። ነጥብ የሚሞላ ሰው የሚመዘግበው የሰማውን ነው። ጨዋታ አዋቂነት ሳይሆን ተጨባጭ ምሳሌ ያሸንፋል።

የሚሠራ ፈተና ወይም ገለጻ ካለ

20 ደቂቃ ከተሰጣችሁ የ13 ደቂቃ ገለጻ አዘጋጁ። መሃል ላይ መጠየቃቸው አይቀርም። 20 ደቂቃ ሙሉ ያዘጋጀ ሰው መደምደሚያው ላይ ሳይደርስ ሰዓቱ ያልቅበታል። እኔ የማየው በጣም የተለመደው ስህተት ይኸው ነው። ስለዚህ መደምደሚያችሁን የመጀመሪያው ስላይድ ላይ አድርጉት። "የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ ምክንያቶቼ ሦስት ናቸው" ብላችሁ ጀምሩ። ሰዓቱ ቢያልቅም ዋናው ተነግሯል።

ጥያቄው ውስጥ የጎደለ መረጃ ይኖራል። አብዛኛውን ጊዜ ሆን ተብሎ ነው። ዝም ብላችሁ አትለፉት። "ይህ መረጃ ስላልነበረኝ እንዲህ ብዬ ገምቻለሁ፤ ግምቴ ስህተት ከሆነ ሐሳቤ እዚህ ጋ ይለወጣል" በሉ። እንደዚህ ያለ አመልካች ሥራ ላይም እንደዚያው እንደሚያስብ እናውቃለን። ሲከራከሯችሁም ቶሎ እጅ አትስጡ፤ ድርቅም አትበሉ። አዲስ መረጃ ከሰጧችሁ ሐሳብ ቀይሩ። መረጃ ሳይኖር ጫና ብቻ ከሆነ ምክንያታችሁን ረጋ ብላችሁ ድገሙት።

ፋይሉን በፒዲኤፍም ያዙ፤ የታተመ ቅጂም ይኑራችሁ።

ገለጻ ባይኖርም "የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ምን ትሠራለህ?" የሚለው ጥያቄ የመምጣት ዕድሉ ሰፊ ነው። በአንድ ገጽ አስቡበት። የመጀመሪያው ወር ማንን አነጋግሬ ምን እማራለሁ? ሁለተኛው ወር የትኛውን ትንሽ ችግር እፈታለሁ? ሦስተኛው ወር ላይ ለአለቃዬ ምን አቀርባለሁ? ገና ሳትገቡ ቤቱን አፍርሼ እሠራዋለሁ የሚል ዕቅድ ግን ይዛችሁ አትሂዱ። ያለውን አሠራር የዘረጉት ፊታችሁ የተቀመጡት ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

የእናንተ ጥያቄዎች

"ጥያቄ አለዎት?" ሲሉ "የለኝም" ማለት በመጨረሻው ዙር በጣም ያስከፍላል። ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ጥያቄ ይኑራችሁ። ለቅርብ አለቃው፦ "በዓመቱ መጨረሻ ይህንን ሰው መቅጠሬ ትክክል ነበር የሚያስብልዎት ምን ቢሠራ ነው?" ለባልደረቦች፦ "ከዚህ መደብ ጋር ስትሠሩ እስካሁን ያስቸገራችሁ ምንድን ነው?" ለከፍተኛ ኃላፊ፦ "በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ይህ ክፍል ላይ ምን ለውጥ ይጠብቃሉ?"

ሁልጊዜ የማበረታታት አንድ ጥያቄ ደግሞ አለ። መጨረሻ ላይ፣ በትህትና፦ "እስካሁን ከተነጋገርነው ለዚህ ቦታ ስለመመረጤ ጥርጣሬ የሚፈጥርብዎት ነገር ካለ ባብራራ ደስ ይለኛል።" ይህንን መጠየቅ ድፍረት ይፈልጋል። ነገር ግን ስጋቱ እናንተ ከወጣችሁ በኋላ ከሚነሳ እናንተ ባላችሁበት ቢነሳ ይሻላል። አንድ ጊዜ አንድ ሰው ሲጠይቀን የኮሚቴው ሰብሳቢ "በትልቅ ድርጅት ብቻ ነው የሠሩት፤ እኛ ጋ ረዳት የለም" አሉት። ሰውየው የመጀመሪያዎቹን ሁለት የሥራ ዓመታቱን በሦስት ሰው ቢሮ ውስጥ እንዳሳለፈ ነገረን። ሲቪው ላይ በአንድ መስመር ያለፈው ነገር ነበር። ባይጠይቅ ኖሮ አንሰማውም።

እናንተም እየመረጣችሁ መሆኑን አትርሱ። ከዚህ መደብ ላይ የቀደመው ሰው ለምን ለቀቀ? ሦስት ሰው ጠይቃችሁ ሦስት የተለያየ መልስ ካገኛችሁ እሱንም ማታ ጻፉት።

ደመወዝ

በዚህ ደረጃ የደመወዝ ነገር መነሳቱ አይቀርም። ከመሄዳችሁ በፊት ሦስት ቁጥር በወረቀት ላይ ይኑራችሁ፦ ከዚህ በታች አልቀበልም የምትሉት፣ ቢሰጡኝ ደስ ይለኛል የምትሉት፣ በአፋችሁ የምትጠሩት። ሲጠይቋችሁ መጀመሪያ "ለመደቡ የተያዘው እርከን ከስንት እስከ ስንት ነው?" በሉ። ብዙ ጊዜ ይናገራሉ።

የድሮ ደመወዛችሁን መናገር ግዴታ ያልሆነባቸው ቦታዎችም እየበዙ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ቀጣሪ የአመልካችን የቀድሞ ደመወዝ እንዳይጠይቅ፣ የመደቡን ደመወዝ ደግሞ አስቀድሞ እንዲያሳውቅ ተደንግጓል። ያላችሁበት አገር ሕግ ምን እንደሚል እዩ። ከጠየቋችሁና መናገር ካልፈለጋችሁ "ለዚህ ሥራ የምጠብቀውን ብነግርዎት ይሻላል" ብላችሁ ማለፍ ትችላላችሁ። መዋሸት ግን አይሆንም።

የቃል ስምምነት ይዛችሁ ያላችሁበትን ሥራ እንዳትለቁ። የተፈረመ ደብዳቤ እጃችሁ ላይ ሲገባ ብቻ ነው መልቀቂያ የሚጻፈው።

ምስክሮቻችሁ

ከመጨረሻው ዙር በኋላ የሚደወልላቸውን ሰዎች ዛሬውኑ አሳውቁ። ስማቸውን ከመስጠታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ ከዚያ የሥራውን ማስታወቂያ ላኩላቸውና ድርጅቱ ምን ላይ እንዳተኮረ ንገሯቸው። "ስለ በጀት ሥራዬ ሊጠይቁህ ይችላሉ" ማለት በቂ ነው። እኔ የደወልኩላቸው አንዳንድ ሰዎች አመልካቹን ለማስታወስ ጊዜ ፈጅቶባቸዋል። ክፋት አይደለም፤ ማንም አላሳወቃቸውም። ያቺ ዝምታ ግን ከስልኩ ማዶ ያለውን ሰው ታጠራጥራለች።

ረጅሙ ቀን

አንዳንድ ቦታ በአንድ ቀን አራት አምስት ሰው ያነጋግራችኋል። ጉግል የራሱን መረጃ መርምሮ ከአራት ቃለ መጠይቅ በላይ የሚጨመረው ብዙም አዲስ ነገር እንደማያሳይ ስላየ አራት ላይ ለመወሰን ሞክሯል። ሌሎች ግን እስከ ስድስት ይሄዳሉ። አራተኛው ሰው የመጀመሪያውን ሰው ያህል ትኩስ ፊት ይገባዋል። ለእሱ የመጀመሪያው ስብሰባ ነውና። ውሃ ያዙ። በመካከል አምስት ደቂቃ ዕረፍት መጠየቅ ነውር የለውም። ያን ጊዜ ስልክ አትክፈቱ፤ የትኛውን ታሪክ ለማን እንደነገራችሁ ወረቀታችሁ ላይ ምልክት አድርጉ። አንድን ታሪክ ለሁለት ሰው መንገር ግዴታ ከሆነባችሁ "ይህንን ለባልደረባዎ አንስቼው ነበር፤ ለእርስዎ ሌላ ገጽታውን ልንገርዎ" በሉ።

በቪዲዮ ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት ከሌላ ሰው ጋር ሞክሩት። ካሜራው በዓይናችሁ ልክ ይሁን፤ ብርሃኑ ከፊት ይምጣ።

ከዚያ በኋላ

በማግስቱ አጭር የምስጋና መልእክት ላኩ። አራት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ከእያንዳንዱ ሰው ጋር ካደረጋችሁት ንግግር አንድ የተለየ ነገር ጥቀሱ። በደንብ ያልመለሳችሁት ጥያቄ ካለ እዚሁ ላይ በሁለት መስመር ማስተካከል ይቻላል። መልስ እንሰጣለን ያሉበት ቀን ካለፈ ሁለት የሥራ ቀን ጠብቁና አንድ ጊዜ ጠይቁ። የሚዘገየው ብዙ ጊዜ በእናንተ ምክንያት አይደለም። ፈራሚው ጉዞ ላይ ነው፣ በጀቱ አልጸደቀም፣ ከኮሚቴው አንዱ ታሟል።

ካልተመረጣችሁ ቅሬታ ቢሰማችሁም በጨዋ ደንብ መልሱ። "ስላሳወቃችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ቦታው ላይ ለውጥ ቢኖር ፍላጎቴ እንዳለ ነው" በሉ። በመጨረሻው ዙር አንደኛና ሁለተኛ በወጡት መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ ግማሽ ነጥብ ነው። በ6 ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የመረጥነው ሰው ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ሁለተኛው ደውለናል። ሁለቱም ጊዜ ስልኩን ስናነሳ የጻፉልን መልእክት ፊታችን ነበር።